የእንግሊዝኛ ክበብ ዘገባ፦ የግማሽ ማርክ ጉዳይ

«እንግሊዝኛ ክበብ ደግሞ ምን ይሠራል?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ተሰብስበናል። ክርክር ሁለቴ አዘጋጅተናል። ድራማው መብራት ስለጠፋ ቀርቷል። እሱን እንለፈው፤ ልጽፍ የተነሳሁት ስለ አንዲት ፊደል ነው።

ኅዳር ላይ የአሥረኛ ክፍል ደብተር ሳርም አንዱ ተማሪ «ሾው» (ማሳየት) የሚለውን ግስ በ«ኦ» (show) ፈንታ በ«ኢ» (shew) ጽፎት አገኘሁ። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርጌ ግማሽ ማርክ ቀነስኩ። ልጁ በእረፍት ሰዓት ስልኩን ይዞ መጣ። (ስልክ ክልክል እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለዛሬ እለፉን።) ለካ እንግሊዝኛ የሚያጠናው እ.ኤ.አ. በ1611 ከታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። እዚያ ቃሉ በ«ኢ» ነው የሚጻፈው። «መምህር፣ ታዲያ መጽሐፍ ቅዱሱ ተሳስቷል?» አለኝ። ምን ይመለሳል?

መዝገበ ቃላት እንይ ብለን ክበቡ ክፍል ገባን። ያለን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከ«ኤስ» ጀምሮ ተገንጥሎ ጠፍቷል። አዲስ እንዲገዛልን ስጠይቅ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ለእግር ኳስ ቡድኑ ማሊያ ሲገዛ አይቻለሁ፤ ደስም ብሎኛል።

ስለዚህ ስድስት ኪሎ ሄድን፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት። ሰርቪሱ ናፍጣ የለውም ስለተባለ በታክሲ ነው፣ ሒሳቡን ተካፍለን። ባለሙያዋ እ.ኤ.አ. በ1790 ኤድንብራ የታተመውን የጄምስ ብሩስ የጉዞ መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ አኑራ ራሷ ገለጠችልን። እኛ እጃችንን ወደ ኋላ አድርገን ከበብናት።

የዚያን ዘመን «ኤስ» ቃል መጀመሪያና መሃል ላይ ሲገባ ቁመቱ ይረዝምና «ኤፍ» ይመስላል። አንዷ ተማሪ «ሰን» የሚለውን «ፈን» ብላ ስታነብ ሳቅ ሆነ። ሳቁ ሳያልቅ ያ ልጅ «መምህር፣ ይኸው!» ብሎ ጮኸ። በ«ኢ»! ጎንደርን በዓይኑ ያየው ስኮትላንዳዊ ልክ እንደ እሱ ነው የጻፈው። ባለሙያዋ ልትቆጣው ቀና ብላ ፊቱን ስታይ ተወችው። እኔም መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ።

ትልቁን መዝገበ ቃላትም አየን፤ ከ«ኤ» እስከ «ዜድ» ሙሉ የሆነውን። እ.ኤ.አ. በ1700ዎቹ በ«ኢ» መጻፍ ነውር አልነበረም። በ1800ዎቹ ውስጥ የ«ኦ»ው አሸነፈ፤ የ«ኢ»ው ለሕግ ሰነድና ለአቤቱታ ቀረ። ጸሐፌ ተውኔቱ በርናርድ ሾው ግን እ.ኤ.አ. በ1950 እስኪሞት ድረስ አሻፈረኝ ብሎ በ«ኢ» ጽፏል። በ«ኢ»ም ተጻፈ በ«ኦ» የቃሉ ድምፅ ያው «ሾው» ነው። «እኛስ ንጉሥን በሁለት ሰ እንጽፍ የለ?» አለች አንዷ። ታክሲው ውስጥ እስከ ትምህርት ቤት በር ድረስ ይህን ሲከራከሩ መጡ። የክርክር መድረኩ ላይ እንዲህ ቢናገሩ ዋንጫ እናገኝ ነበር።

የወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) አባላት ይህን ካነበባችሁ፣ የምንለምነው አንድ መዝገበ ቃላት ነው። ሁለት ከሆነ አንመልስም።

ግማሽ ማርኩን መልሼለታለሁ። ፈተና ላይ ግን በ«ኦ» ጻፍ ብዬዋለሁ።