ሀያትዬ፣ የጥሪ ካርዱን ተይው

አሰላሙ ዐለይኩም ልጄ። እንዴት ነሽልኝ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽ ደህና ናት፣ ወንድምሽ ፈተና ላይ ነው፣ አያትሽ ኩታበር እህል እያስወቁ ነው። ሰላምታውን በዚሁ ላሳጥረውና ወደ ጠየቅሽኝ ነገር፣ ከዱባይ በርካሽ እንዴት እንደምትደውዪልን፣ ልግባ። በድምፅ መልእክትሽ «አባዬ፣ ስልክ ደሞዜን ጨረሰው» ያልሽውን እናትሽም ሰምታዋለች። ከዚያ ወዲህ «አትደውልብን፣ ገንዘቧን ትያዝ» እያለች ነው። ማታ ማታ ግን ስልኩን ከጎኗ አታርቀውም።

እኔ ደግሞ እንጀራዬ ይኸው ነው፤ ካርድ ስሸጥና ስልክ ስጠግን ነው ፀጉሬ የሸበተው። ወሎ ውስጥ ዓረብ አገር ልጅ የሌለው ቤት ስንት ነው? ሁሉም ሱቄ ይመጣል። አንዷ ኢሞ ጫንልኝ ትላለች፣ ሌላው ከጂዳ የተደወለለት ስልክ ለምን እንደሚቆራረጥ ይጠይቀኛል። ስለዚህ የምነግርሽ ከብዙ ሰው ችግር የተለቀመ ነው። ማዳም ስትተኛ ረጋ ብለሽ አንብቢው፣ ረጅም ነው።

በዋትሳፕ ስትደውዪ አልገናኝ ያለሽ ስልክሽ ስለተበላሸ አይደለም። ለጠጋኝ እንዳትሰጪው። ኤምሬትስ ውስጥ በዋትሳፕም በፌስታይምም መደወል ከኔትወርኩ ነው የተዘጋው። ጽሑፍ ይሄዳል፣ ፎቶ ይሄዳል፣ የድምፅ መልእክት ይሄዳል፤ የማያልፈው ጥሪው ነው። የአክስትሽ ልጅ ሪያድ ሆና በኢሞ እንደልቧ ስታወራ አንቺ ዱባይ ሆነሽ አለመቻልሽ ቢያናድድሽ አልፈርድብሽም። ሳዑዲም ድሮ የኢንተርኔት ጥሪ ዘግታ ነበር፣ በፈረንጆቹ 2017 ሴፕቴምበር ላይ ነው የፈቀደችው። ኤምሬትስ ግን እስካሁን ፈቃድ የሰጠቻቸውን አፖች ነው የምታስደውለው። ከነሱ ውስጥ የእኛ ልጆች በብዛት የያዙት ቦቲምን ነው።

አንዷ ጓደኛሽ «የተዘጋውን የሚያስከፍት፣ ቪፒኤን የሚባል አፕ ልጫንልሽና በነፃ ደውዪ» ብላሻለች አሉ። አይሆንም ልጄ። እዚህ አገር ቪፒኤን የጫነ ሁሉ ምንም ስላልሆነ እዚያም እንደዚያ አይምሰልሽ። ቪፒኤን መያዙ ብቻውን ወንጀል ባይሆንም፣ የተከለከለን ነገር ለመሥራት ከተጠቀምሽበት ሕጋቸው እስርም ቅጣትም አለው። ቅጣቱ ከ500 ሺህ ድርሃም ይጀምራል፣ እስከ 2 ሚሊዮን ይሄዳል። በየቀኑ ሰው ይያዛል እያልኩ አላስፈራራሽም። አንቺ ግን በኮንትራት የሄድሽ ልጅ ነሽ፣ መኖሪያ ፈቃድሽ በአሠሪ ላይ የተንጠለጠለ ነው፣ በሰው ቤት ዋይፋይ ነው የምትጠቀሚው። ለአንድ ስልክ ጥሪ ይኼን ሁሉ አታስይዢም።

ስለዚህ ቦቲም። እዚህ በወንድምሽ ስልክ ጭኜዋለሁ፣ በእናትሽም ስልክ ጫንኩላት፤ በሁለቱም ወገን ካልተጫነ አይሠራምና። አንቺ ዘንድ የሚቀረው የሲምሽ ፓኬጅ ነው። ስትገዢ ሻጩን «ይሄ ፓኬጅ የኢንተርኔት ጥሪ አለው ወይ?» ብለሽ አስረግጠሽ ጠይቂው፣ ምክንያቱም ዳታ አለው ማለትና ጥሪ ያስደውላል ማለት እዚያ አገር አንድ አይደለም። በማዳም ዋይፋይ ከሆነ ደግሞ አስፈቅደሽ ተጠቀሚ። ተደብቆ ማውራት ጥሩ አይደለም፣ ድምፅሽም ሲሾከሾክ እናትሽ አንድ ነገር የሆንሽ ይመስላታል።

ቪዲዮውን ቀንሺው። አውቃለሁ፣ ፊትሽን ካላየች አታምንም፤ ከስታለች ወፍራለች እያለች የምትመረምርሽ በቪዲዮ ነው። ግን ቪዲዮ ከድምፅ ጥሪ ብዙ እጥፍ ዳታ ይበላል፣ የእኛም ኔትወርክ ሲያቃስት ቶሎ የሚቆመው እሱ ነው። መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ በቪዲዮ ተያዩ፣ ከዚያ ካሜራውን ዝጉና እስኪበቃችሁ አውሩ። በየቀኑ ለሚሆነው ወሬ ደግሞ የዋትሳፕ የድምፅ መልእክት በቂ ነው። ዱባይም ያልፋል፣ ደሴም ይደርሳል፣ ኔትወርክ ባይኖር እንኳ ቆይቶ ይገባል። እናትሽ እኮ ያንቺን መልእክት እየደጋገመች ነው የምትሰማው፣ ለጎረቤትም ታሰማለች፤ ስለዚህ ምስጢር እንዳታስገቢበት።

አሁን ወደ ካርዱ። «በ10 ድርሃም ይህን ያህል ደቂቃ» የሚለውን የጥሪ ካርድ እየገዛሽ እንደሆነ ነግረሽኛል፣ ያለቀብሽም በዚያ ነው። አብሮሽ የሚሠራው ህንዳዊ ሹፌር በሳንቲም አገሩ እየደወለ፣ አንቺ ለምን ይህን ያህል እንደምትከፍዪ ገርሞሻል። ነገሩ እንዲህ ነው። ከዱባይ ያለ አፕ በቀጥታ ስትደውዪ ድምፅሽ በብዙ እጅ ያልፋል፤ እዚያ ያለው ድርጅት ይወስዳል፣ መሀል ላይ የሚያስተላልፈው ይወስዳል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጥሪውን ተቀብሎ እናትሽ ስልክ ላይ የሚያደርሰው የእኛው አገር ድርጅት የመቀበያ ዋጋ ያስከፍላል። ይህ የመቀበያ ዋጋ ለህንድ በጣም ትንሽ ነው፣ ለእኛ አገር ግን ከፍ ያለ ነው። ማንም ነጋዴ ከዚያ ዋጋ በታች በሐቅ ሊሸጥልሽ አይችልም። የሚሸጥልሽ ካለ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ያ ነገር ምን እንደሆነ ልንገርሽ፣ እዚህ ሱቅ በየጊዜው የማየው ስለሆነ። አንቺ ከዱባይ ትደውያለሽ፣ እናትሽ ስልክ ላይ ግን በ971 የሚጀምር ቁጥር አይመጣም፤ የማታውቀው የ09 ቁጥር ነው የሚመጣው። አታነሳውም፣ ወይም አንስታ «ማን ልበል?» ትላለች። መልሳ ብትደውል አንቺን አታገኝሽም። ይህ የሚሆነው ካርዱን የሠሩት ሰዎች ድምፅሽን በኢንተርኔት አምጥተው እዚህ አገር በተደበቀ፣ ብዙ ሲም በተሰካበት ማሽን በኩል የአገር ውስጥ ጥሪ አስመስለው ስለሚያስገቡት ነው። ሲም ቦክስ ይሉታል። የመቀበያውን ዋጋ ዘለሉት ማለት ነው። የቴሌኮም ማጭበርበር አዋጅ፣ ቁጥር 761/2004፣ የወጣው እንዲህ ያለውን ሥራ ጭምር ለመቅጣት ነው። ያኔ ስካይፕ የሚባለውን የኢንተርኔት መደወያ የተጠቀመ ሁሉ ሊታሰር ነው የሚል ወሬ ተነስቶ ደንበኞቼ ደንግጠው ነበር። ነገሩ እንደዚያ አልሆነም፣ ስካይፕ ራሱ ዘንድሮ የለም፤ በፈረንጆቹ 2025 ሜይ ላይ ዘግተውታል። ሲም ቦክሱ ግን አለ። ድምፁ ይዘገያል፣ አንዱ ይሰማል ሌላው አይሰማም፣ «ሃሎ ሃሎ» ስትባባሉ ደቂቃው ይሮጣል፣ መሀል ላይ ድርግም ይላል። ቁጥሩ ሲያዝ ያ ካርድ በአንድ ጊዜ ሞተ ማለት ነው፣ ገንዘብሽን የሚመልስልሽ የለም።

ሕጋዊ የሆነውም ካርድ ቢሆን ጀርባውን አንብቢ። አንዳንዱ ገና ስልኩ ሲነሳ የማገናኛ ይቆርጣል። አንዳንዱ በሰከንድ ሳይሆን በጥቅል ነው የሚቆጥረው። እንበል ደቂቃው 1 ድርሃም ሆኖ በየ3 ደቂቃው የሚቆርጥ ከሆነ፣ 3 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ያወራሽው 6 ድርሃም ይሆናል። «ቻው፣ ቻው፣ እሺ ቻው» የምትባባሉበት ያ የእናትሽ ስንብት ብቻውን 3 ድርሃም ነው! ሌላው ደግሞ ከተከፈተ በኋላ ብታወሪም ባታወሪም ጊዜው ያልፍበታል። ስለዚህ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ርካሽ አይደለም፤ ቆራረጡን ጠይቂ።

ግን ያለ አፕ በቀጥታ ስልክ መደወሉን ጨርሰሽ እንዳትተዪው። ይህን በደንብ ያዢልኝ፣ ከሁሉም በላይ የምፈልገው ይኼን ነው። አያትሽ ያላቸው ባለ ባትሪ ቁልፍ ስልክ ነው፣ ቦቲም የሚባል ነገር አይገባቸውም፣ ስልኩም አያስገባም። እሳቸውን የምታገኚው በቀጥታ ነው። እኛም ብንሆን ዳታ ሲጠፋ ቁልፍ ስልክ እንደያዘ ሰው ነን። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ በጦርነቱ ደሴ ስትያዝ ስልኩም ጠፍቶ ዓረብ አገር ያሉት ልጆች እስከ ኅዳር መጨረሻ እንዴት እንደተንገበገቡ ታውቂያለሽ፣ ያኔ እዚሁ ነበርሽ። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ ደግሞ የሞባይል ዳታ ተዘጋ፣ ቀጥታ ስልክ ግን ይሠራ ነበር። ሂሳብ የያዘ ልጅ ደውሎ «ደህና ናችሁ?» አለ፤ በአፕ ብቻ የለመደው ግን አፉን ከፍቶ ቀረ። ስለዚህ በሲምሽ ላይ ለአንድ አምስት ደቂቃ ቀጥታ ጥሪ የሚሆን ሂሳብ ሁልጊዜ ይቀመጥ። ለወሬ አትንኪው፣ ለክፉ ቀን ነው። እኔም ከዚህ በ*999# ገብቼ የዓለም አቀፍ ጥቅሉን ዋጋ እያየሁ ነው፣ ካንቺ ከቀነሰ እኔ እደውላለሁ። አንዴ ሚስኮል ካደረግሽ ደህና ነኝ ማለትሽ ነው፣ አላነሳውም። ሁለቴ ካደረግሽ እኔው እደውላለሁ።

ለአያትሽ ስትደውዪ ከ251 በኋላ የመጀመሪያዋን 0 መተው እንዳትረሺ፤ ባለፈው «አይሠራም» ያልሽው ቁጥር 0ዋን ደርበሽባት ይመስለኛል። ሐሙስ ከሰዓት ደግሞ ገበያ ናቸው፣ ስልኩን ቤት ነው የሚተዉት። ሞባይል ነው ብትያቸውም ቤት ይተዉታል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር፦ ካርድ አትላኪልን። ልጄ፣ አባትሽ ካርድ ሻጭ ነው እኮ! ከዱባይ በአፕ የስልክ ሂሳብ ስትልኪ አገናኙ ድርጅት ትርፉን ይይዛል፣ እኔ ዘንድ ደግሞ ካርዱ መደርደሪያ ላይ ተሰቅሏል። ጎረቤት ሰምቶ እየሳቀብኝ ነው።

ከዚህ የያዝሽውን ሲም አትጣዪው፣ ለባንክና ለቴሌብር የሚመጣው የምስጢር ቁጥር በሱ ነውና። ግን ሮሚንግ ዳታውን አጥፊው፣ በሱ የሚደወልልሽንም አታንሺ። እዚህ አገር ሆኖ ስልክ ማንሳት በነፃ ነው፤ ውጭ አገር በሮሚንግ ሲሆን ግን ያነሳውም ይከፍላል።

የማታውቂው የውጭ ቁጥር አንዴ ጠርቶ ቢዘጋ መልሰሽ አትደውዪ። ሆን ብለው ነው፤ መልሰሽ ስትደውዪ ውድ መስመር ላይ ይጥሉሻል፣ ከሚቆረጠውም ይካፈላሉ። ደግሞ ማንም ቢሆን፣ በእኔ ስም በቴሌግራም ቢጽፍልሽም፣ «በስህተት አንቺ ዘንድ የመጣውን ቁጥር ላኪልኝ» ካለሽ ዝጊው። ያ ቁጥር የዋትሳፕሽ ወይም የኢሞሽ በር መክፈቻ ነው። ባለፈው ወር አንዲት እናት በልጃቸው ስም ገንዘብ ተጠይቀው ሊልኩ ሲሉ ነው ሱቅ ላይ ያስቆምኳቸው። ልጅቷ ሳታውቅ አካውንቷ ተወስዶባት ነበር። እኔ ገንዘብ ከፈለግሁ በድምፄ ነው የምጠይቅሽ፣ አልጠይቅሽምም።

አሁን ቀጠሮ እንያዝ። የዕረፍት ቀንሽ እሑድ ነው ብለሻል። እዚህ ምሽት 3 ሰዓት ሲል እናንተ ዘንድ አንድ ሰዓት ይቀድማል፣ 4 ሰዓት ነው፤ በነሱ ሰዓት 10 መሆኑ ነው። ሱቁን ዘግቼ እገባለሁ፣ ወንድምሽም ዋይፋይ ያለበትን ጥግ ይዞ ይጠብቃል። እሑድ በዚህ ሰዓት በቦቲም ግቢ። ከዚያ ውጭ መልእክት በፈለግሽ ጊዜ ላኪ፣ ቀጥታውን ግን አትንኪ። እናትሽ ቀጠሮ ካላት ሌላውን ቀን ስልኩን እያየች አትቀመጥም፣ አንቺም ሥራ ላይ ሆነሽ «አልደወልኩም» እያልሽ አትጨነቂም።

አብሽሪ ልጄ። በዚህ የተረፈሽን ለራስሽ ያዢው፣ ለእኛ ጨምረሽ አትላኪው። ጫማሽ አልቋል ብለሽ ነበር፣ ጫማ ግዢበት። እሑድ ስትደውዪ መጀመሪያ ከእናትሽ ጀምሪ፤ እኔን ካስቀደምሽ ሳምንቱን ሙሉ አታናግረኝም።

አባትሽ
ከደሴ