ሂሩቴ፣ ምክርሽን ፈልጌ ነው

ሂሩቴዋ እንዴት ከረምሽ፣ እማማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ጠፋሁ አውቃለሁ፣ በጣም ይቅርታ፣ ስንደዋወል እንደፈለግሽ ትቆጪኛለሽ። አሁን ግን ከእቁባችን ጊዜ ጀምሮ በብር ጉዳይ ካንቺ ሌላ የማምነው ሰው ስለሌለኝ ነው የምጽፍልሽ።

እዚህ ዱባይ አብራኝ የምትሰራዋን ፊሊፒኗን ታውቂያታለሽ አይደል፣ ያቺ በቪዲዮ "ደህና ነሽ ወይ" ስትልሽ በሳቅ የገደለችሽ? ለእረፍት አገሯ ይዛኝ ሄዳ ነበር። ከተማዋ ባሌር ትባላለች፣ ከማኒላ በባስ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው፣ ሴራ ማድሬ የሚባለውን ተራራ ስትጠማዘዢ ስትጠማዘዢ ቆይተሽ ስትወርጂ ከፊትሽ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ዝርግት ብሎ ይጠብቅሻል። ሳባንግ በሚባለው ዳርቻ የሰፈሩ ህጻናት ሳይቀሩ ቦርድ ላይ ቆመው ማዕበል ይጋልባሉ። በፈረንጆቹ 1976 አሜሪካኖች ስለ ቬትናም ጦርነት ፊልም ሊሰሩ መጥተው ቦርዶቻቸውን ትተው ሄዱ፣ ልጆቹ አንስተው ራሳቸውን አስተማሩ ይላሉ። ዛሬ ከተማው ለቱሪስት የሚታወቀው በዚሁ ነው፣ ደህና ማዕበል ከጥቅምት እስከ መጋቢት ስለሚመጣ ያኔ ማደሪያ ይጠፋል።

እና ነገሩ ይሄ ነው። የጓደኛዬ እናት ቤት ከባህሩ በእግር ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ጓሮው ላይ ለእንግዳ የሚከራይ ሁለት ክፍል እንስራ ብላኛለች፣ ግማሹን እኔ ላወጣ። የውጭ ዜጋ እዛ መሬት መግዛት ህጉ አይፈቅድም፣ ስለዚህ ስሙ የነሱ ሆኖ እኔ በውል ነው የምገባው። እሷን አምናታለሁ። ባህሩን ነው የፈራሁት ሂሩቴ። በፈረንጆቹ 1735 በታህሳስ ወር ባህሩ ተነስቶ የድሮውን ከተማ ጠራርጎ ወስዶታል፣ የተረፉት ኤርሚታ የሚባል ኮረብታ ላይ የወጡት ናቸው። ኮረብታው ግርጌ ሀውልት አለ፣ ሰዎቹ እየተጓተቱ ሲወጡ ያሳያል፣ አንዱ የሌላውን እጅ እንዴት ጨምድዶ እንደያዘ ብታይ! ከዛ ወዲህ አውሎ ነፋሱም አለ፣ ከፓሲፊክ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያገኘው ይሄን ዳርቻ ነው። እናትየው ግን "እዚሁ ተወልጄ እዚሁ አርጅቻለሁ" ብለው አሳ ይጠብሱልኛል።

ደሞ አንቺ የታሪክ ሱሰኛ አይደለሽ፣ ቤተክርስቲያኑን ብታይው ከዛ አትወጪም ነበር። በፈረንጆቹ 1898፣ አገሩ የስፔን ቅኝ ግዛት ሳለ፣ 50 ምናምን የስፔን ወታደሮች እዛ ውስጥ በፊሊፒኖ አርበኞች ተከበው 337 ቀን ቆዩ። ጦርነቱ አልቋል፣ ስፔን አገሩን ለአሜሪካ ሸጣለች፣ እነሱ ግን አያምኑም፣ ጋዜጣ ሲላክላቸው እንኳ የውሸት የታተመ ነው ይላሉ። በመጨረሻ መቶ አለቃው አንድ ጋዜጣ ላይ የጓደኛው ወደ ማላጋ መዛወር በትንሽዬ ዜና ተጽፎ አገኘ፣ ጓደኛው ያንን ሀሳቡን ለሱ ብቻ ነበር የነገረው፣ ይሄን ጠላት ሊፈጥረው አይችልም ብሎ ወጣ። ፊሊፒኖዎቹም እንደ ምርኮኛ አልያዟቸውም፣ እንደ ወዳጅ ይሸኙ ተብሎ ታወጀ። ይሄን ስሰማ በቃ አንቺ ነሽ ትዝ ያልሽኝ፣ ማታውኑ ልጽፍልሽ ፈልጌ ነበር።

እና... ልንገርሽ አልንገርሽ እያልኩ ነው፣ ለእማዬ እንዳትነግሪብኝ በናትሽ። ኮንትራቴ ሲያልቅ ትንሽ ጊዜ እዛው ልቀመጥ እያሰብኩ ነው። እንደኛ ዋርካ ያለ ባሌቴ የሚባል ትልቅ ዛፍ አላቸው፣ ስሩ ውስጥ ገብተሽ ትሄጃለሽ፣ እዛ ውስጥ ቆሜ ከስንት አመት በኋላ ደረቴ ቀለል አለኝ።

የኔ ሀሳብ ክፍሎቹን ጓሮው ላይ ትተን ወደ መሀል ከተማ፣ አጎቷ ቦታ ላይ ብንሰራ ነው፣ ከባህሩ ይርቃል፣ ኪራዩ ይቀንሳል ግን እንቅልፍ ይወስደኛል። እሷ ደግሞ ቱሪስት ማዕበሉን ካላየ አይመጣም ትላለች፣ እሷም እውነቷን ነው። አንቺ ብትሆኚ የቱን ትመርጫለሽ? ውሉ ላይስ ምን ምን ይጻፍ? አርብ ማታ ከዱቲ ስወጣ እደውላለሁ፣ ዳታሽን ክፈቺ።

ያንቺው አለሚቱ