ኤልኤልኤም ላይ ላላችሁ፣ የኦፒቲ ነገር

ሰላም ቤተሰብ፣ አሜሪካ በኤፍ 1 ቪዛ ኤልኤልኤም (የህግ ማስተርስ) የምትማሩ ኦፒቲውን (ከትምህርት በኋላ በሙያችሁ እንድትሰሩ የሚሰጠውን ፈቃድ) ለመጨረሻ ሰዓት አታቆዩት በናታችሁ! ማመልከት የሚቻለው ትምህርቱ ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው ጀምሮ ካለቀ በኋላ እስከ 60 ቀን ነው፣ ግን ዲኤስኦዋችሁ (የትምህርት ቤቱ የውጭ ተማሪዎች ኃላፊ) የኦፒቲ ድጋፉን ሲስተም ላይ ካስገባላችሁ በ30 ቀን ውስጥ የማመልከቻ ፎርሙ ኢሚግሬሽን መድረስ አለበት፣ እኔ ይቺን ባለማወቄ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። የሚሰጠን 12 ወር ብቻ ነው፣ ህግ ስቴም (ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ኢንጂነሪንግና ሂሳብ) ስላልሆነ እንደ ኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች ማራዘሚያ የለንም (ያናድዳል)። ሲፒቲ (ትምህርቱ ሳያልቅ የሚሰጠው የስራ ፈቃድ) ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት መማር ስለሚጠይቅ ለአንድ ዓመቱ ኤልኤልኤም ብዙም አይሆንም። ስለዚህ የህግ ክሊኒክ (በመምህር ስር እውነተኛ ጉዳይ የሚሰራበት ኮርስ) ግቡ፣ የኒውዮርክ ባር (የጥብቅና ፈቃድ) የሚጠይቀው 50 ሰዓት ፕሮቦኖም (ነፃ የህግ አገልግሎት) እዛው ሊሞላላችሁ ይችላል። ጄ 1 (የልውውጥ ፕሮግራም) ቪዛ ላይ የሆናችሁ ህጉ ሌላ ነው፣ ኢንቦክስ አድርጉኝ።