ሮማ ሮማ አትበላቸው

ለውድ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እህትህ ፈተና ላይ ናት። እኔም ያው የምሠራላትን ሲኞራዬን እያስታመምኩ እውላለሁ።

ለትምህርት ከሄድክበት ከቶሪኖ ባለፈው ስትደውል "እናቴ፣ የቶሪኖ ሰዎች ኩራተኞች ናቸው፤ ከሮማ ነው የመጣሁት ስላቸው ፊታቸው ይቋጠራል" ያልከኝ ነገር ከልቤ አልወጣም። በስልክ እንዳላስረዳህ አንተ ሁሌም ትቸኩላለህ። ስለዚህ ጻፍኩልህ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምነግርህ።

ልጄ፣ እነሱ ዘንድ ሮማ ሮማ አትበል። ዋና ከተማ የነበሩት እነሱ ናቸው! ጣልያን አንድ አገር ሆነች ተብሎ የታወጀው በማርች 1861 እዚያው ቶሪኖ ውስጥ ነው። ፓርላማው ፓላሶ ካሪኛኖ የሚባለው ሕንፃ ውስጥ ነበር፤ ንጉሡም የእነሱ ሰው ነው፣ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ዳግማዊ። ሮማ ያኔ በጳጳሱ እጅ ነበረች፤ የፈረንሳይ ወታደር ይጠብቃት ነበር። አዲሱ ፓርላማ ግን በዚያው ወር "ዋና ከተማችን ሮማ ናት" ብሎ ወሰነ። እጃቸው ያልገባ ከተማ እኮ ነው። ድፍረታቸው ይገርመኛል።

ጉዱ የመጣው በ1864 ነው። መንግሥት ከፈረንሳዩ ናፖሊዮን ሣልሳዊ ጋር ተዋዋለ። ፈረንሳይ ወታደሯን በሁለት ዓመት ውስጥ ከሮማ ታስወጣለች፤ ጣልያን ደግሞ ዋና ከተማዋን ወደ ፊሬንዜ (ፍሎረንስ) ታዛውራለች። ነገሩ ሲሰማ የቶሪኖ ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሴፕቴምበር 21 እና 22 ወታደሩ ፒያሳ ካስቴሎና ፒያሳ ሳን ካርሎ ላይ ተኮሰበት። ከ50 ሰው በላይ ሞተ። አንተ አፔሪቲቮ የምትጠጣበት ፒያሳ ሳን ካርሎ ነው የምልህ። ያ መንግሥት ወደቀ፣ ዋና ከተማው ግን ከመሄድ አልቀረም።

ታዲያ ፊሬንዜስ ተጠቀመች? ንጉሡ ፓላሶ ፒቲ ገባ፤ የሕዝብ እንደራሴዎቹ ፓላሶ ቬኪዮ ውስጥ ተቀመጡ። ለቢሮና ለሠራተኛ ቦታ ይገኝ ተብሎ አሮጌው የከተማ ግንብ ፈረሰ። ጁዜፔ ፖጂ የሚባል አርክቴክት በቦታው ሰፋፊዎቹን ጎዳናዎች አወጣ። ፒያሳሌ ሚኬላንጄሎንም የሠራው እሱ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ለዚህ ሁሉ ተበደረ። ከዚያ በ1870 ፈረንሳይ ከፕሩሲያ ጋር ጦርነት ገጠመችና ወታደሯን ጠራች። ጣልያኖች ሴፕቴምበር 20 ፖርታ ፒያ አጠገብ ግንቡን በመድፍ ደርምሰው ሮማ ገቡ። በ1871 ዋና ከተማው እንደገና ጓዙን ጠቀለለ። ፊሬንዜም ዕዳዋን ታቅፋ ቀረች፤ ማዘጋጃ ቤቷ ኋላ ላይ ከሰረ። እኛ አውቶቡስ የምንጠብቅበት ቪያ ቬንቲ ሴቴምብሬ (የሴፕቴምበር 20 ጎዳና) ስሙን ያገኘው ሮማ ከገቡበት ቀን ነው።

ቶሪኖ ግን ቁጭ ብላ አላለቀሰችም። ፋብሪካ ከፈተች፤ ፊያት በ1899 የተቋቋመው እዚያ ነው።

ይሄ ሁሉ የድሮ ነገር እንዳይመስልህ። ሲኞራዬ ደቡብ ባለው በካላብሪያ ክልል የምትገኘው የሬጆ ካላብሪያ ከተማ ልጅ ናት። ቴሌቪዥን ላይ ካታንዛሮ የሚለው ስም ሲነሳ ሪሞቱን ታነሳና ጣቢያ ትቀይራለች። በ1970 ሁሉም ክልሎች ምክር ቤት እንዲኖራቸው ሲደረግ የካላብሪያ ዋና ከተማ ካታንዛሮ ይሁን ተባለ። ሬጆ ደግሞ የምትበልጠው ከተማ ናት። ከጁላይ ጀምሮ ወራት ሙሉ መንገድ ተዘጋ፣ ባቡር ቆመ፣ ሰው ሞተ። በ1971 መጀመሪያ ብረት ለበስ ገባ። "በረንዳችን ሥር አለፈ፣ ብርጭቆው ሁሉ ተንቀጠቀጠ" ትለኛለች። ማስታረቂያው ምን ሆነ መሰለህ? ካቢኔው ካታንዛሮ፣ ምክር ቤቱ ሬጆ። የብረት ፋብሪካም ቃል ተገብቶላቸው ነበር፤ ሳይሠራ ቀረ። እሱን ካነሳሁባትማ ምሳ አትበላም።

ዛሬ ክልሎቹ 20 ናቸው። አምስቱ፣ ማለትም ሲቺሊያ፣ ሳርዴኛ፣ ቫሌ ዳኦስታ፣ ትሬንቲኖ አልቶ አዲጄና ፍሪዩሊ ቬኔሲያ ጁሊያ፣ ልዩ ሥልጣን አላቸው። ደሴቶች ስለሆኑ፣ አለዚያም ድንበር ላይ ሆነው ሌላ ቋንቋ የሚናገር ሰው ስላለባቸው ነው። ቦልሳኖ ብትሄድ የመንገዱ ምልክት በጀርመንኛም ተጽፏል። ሞሊዜ ደግሞ ከአብሩዞ የተለየችው በ1963 ነው፤ ትንሽ ከመሆኗ የተነሳ "ሞሊዜ የለችም" እያሉ ይቀልዱባታል። እኔ ግን የሞሊዜ ሰዎች አውቃለሁ፣ አሉ።

አሁን ወዳንተ ጉዳይ ልምጣ። ስኮላርሺፑን የሚሰጥህ ሮማ ያለው መንግሥት አይደለም፤ ክልሉ ነው። ስኮላርሺፑን የሚያስተዳድረው የክልሉ ቢሮ እኛ ጋ ላሲዮዲስኮ እንደሚባለው፣ የፒዬሞንቴው፣ ማለትም የቶሪኖ ክልሉ፣ ኤዲሱ ይባላል። ቀኑም ፎርሙም የየራሳቸው ነው። ጓደኛህ ሮማ ሆኖ የሚልህን ሰምተህ ቀን እንዳያልፍብህ፣ የእነሱን ማስታወቂያ ራስህ አንብብ። የገቢ ወረቀቱን ካፍ የሚባለው የግብርና የወረቀት ጉዳይ ቢሮ ሄጄ አስወጥቻለሁ፣ ፎቶውን በዋትሳፕ ልኬልሃለሁ።

ሐኪምም እንዲሁ ነው። ድንገተኛ ክፍል የትም ያዩሃል። የቤተሰብ ሐኪም ግን በክልል ነው የሚያዘው። የሮማውን ሐኪምህን ልቀቅና የተማሪነት ወረቀትህን ይዘህ እዚያ ያለው የጤና ቢሮ ሂድ፤ ዶሚቺሊዮ ሳኒታሪዮ፣ ማለትም እዚያው ሐኪም ለመያዝ የሚያስችል ምዝገባ፣ እፈልጋለሁ በላቸው። ጊዜያዊ ነው፣ ሲያልቅ ታሳድሰዋለህ። ያ ሳልህ ሳይብስ ይሄን ሳምንት ጨርሰው። ዝንጅብል ብቻውን አይበቃም።

ፓላሶ ካሪኛኖ ዛሬ ሙዚየም ነው። የድሮው የምክር ቤት አዳራሽ ከነወንበሮቹ አለ። ከትምህርት ስትወጣ ግባና እየው። ከዚያ ለቤት አከራይህ "አዳራሻችሁን አየሁት" በላትና ፊቷን እይ።

በርበሬና ሽሮ አርብ ለሚመጣው የቤተክርስቲያናችን ልጅ ሰጥቼዋለሁ። ፖርታ ኑዎቫ ጣቢያ ይጠብቅሃል፣ ስልክህን አትዝጋ።

እናትህ