ከጎሐ ጽዮን እስከ ባሕር ዳር ለገፋችሁኝ ሁሉ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

በነቢያት ጾም ሁለት ጓደኞቼና እኔ ከጎሐ ጽዮን ተነሥተን፣ ዓባይን ተሻግረን፣ ጎጃምን አቋርጠን በብስክሌት ባሕር ዳር መግባታችንን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። እዚያው ዱአትሎን፣ ማለትም ሩጫና ብስክሌት የተጣመሩበት ውድድር፣ መወዳደራችንንም ሰምታችኋል። ፎቶ አይታችሁ «ጀግና»፣ «አንበሳ» ብላችሁ የጻፋችሁልኝን ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ይሁንና እኔ ቀን ቀን ፊዚክስ የማስተምር፣ ጎህ ሳይቀድ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብዬ ፔዳል የምመታ ሰው ነኝ እንጂ ስፖርተኛ አይደለሁም። ፎቶው ውስጥ የሌሉትን ሰዎች ባልጠራ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከዓባይ በረሃ ልጀምር። በመኪና የወረደው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ድልድዩ ዘንድ 1,000 ሜትር አካባቢ ይደርሳል፣ ከዚያ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን መውጣት ነው። በመኪና ጆሮ ይደፈናል እንጂ እግር አይጠየቅም። በብስክሌት ቁልቁለቱም ሥራ ነው። ፍሬን አለማቋረጥ የያዙት እንደሆነ ቸርኬው ይግላል፣ የጋለ ቸርኬ የውስጡን ጎማ ያፈነዳል። ስለዚህ የፊቱንና የኋላውን ፍሬን እያፈራረቅን፣ በየመታጠፊያው እየቆምን እያበረድን ነው የወረድነው። አስፋልቱም ከሥሩ መሬቱ እየተንሸራተተ፣ ከላይ ከባድ መኪና እየተጫነው ቦታ ቦታ ላይ ተጨማዷል። አንድ ተሳቢ መንገዱን ዘግቶ ስለጠበቅን ድልድዩን የረገጥነው ስድስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው።

ወደ ደጀን የሚወጣው ዳገት ሃያ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጥቂት እንደወጣን ላቤ ቆመ። በዚያ ሙቀት ብርድ ብርድ አለኝ፣ ራሴን አዞረኝ። ጓደኞቼ ከፊት ነበሩ። ሞተሩን ሊያበርድ ከጥላ ሥር የቆመ የጭነት መኪና ባይኖር ኖሮ ይህን ጽሑፍ ሌላ ሰው ይጽፈው ነበር ብዬ አስባለሁ። ረዳቱ ሮጦ መጥቶ ከብስክሌቴ ላይ አወረደኝ፣ ከጀሪካን ውሃ አንገቴና ብብቴ ላይ ያፈስልኝ ጀመር። ሾፌሩ ደግሞ በአንድ ሊትር ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ አመጣ። ከየት ተማርከው ስለው፣ «ልጄ ተቅማጥ ይዞት የጤና ኤክስቴንሽኗ ለሚስቴ ስታሳያት አይቼ ነው» አለኝ። ላንዲት እናት የተነገረ ትምህርት ዞሮ ዞሮ እኔን ዓባይ በረሃ ውስጥ አገኘኝ። የዚያች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቀበሌ የት እንደሆነ አላውቅም፤ የትም ብትሆን ውለታዋ አለብኝ።

ቀና ስል ልነሣ አልኩ። ሾፌሩ «ወንድሜ፣ ብስክሌቱን እንጫነው» አለ። እንቢ አልኩ። «እንግዲያው ፀሐይዋ ሳታዘነብል ከዚህች ጥላ ንቅንቅ አትላትም» ብሎ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ጭነት ይዞ፣ ጊዜው ገንዘብ ሆኖ ሳለ! «በርታ፣ ግፋ» የሚል ሰው መንገዱን ሙሉ አላጣሁም፤ «ተቀመጥ» ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ቀኑ ሲበርድ ተነሣን፣ ሲጨልምም መብራቱን ከኋላችን አብርቶልን በእርምጃ እየነዳ ደጀን አደረሰን። እዚያ አፋፍ ላይ ብርዱ ልብ ድረስ ሲገባ ጋቢውን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለና ሄደ።

ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ገበሬዎች፣ እናንተን ደግሞ ስለ ውሸታችሁ አመሰግናለሁ። ጤፍ ስታጭዱና ስትወቁ «ሉማሜ ስንት ይቀረዋል?» ስንላችሁ፣ ከእናንተ አንድ እንኳ እውነቱን የተናገረ የለም። «ደርሳችኋል!» «እቺን ጉብታ ብቻ!» «እዚያች ማዶ ናት!» ጉብታዋ ካለፈች በኋላ ሌላ ጉብታ፣ ሌላ ገበሬ፣ ሌላ «ደርሳችኋል»። ቁጥር ብትነግሩን ኖሮ አንዳችን ተመልሰን ነበር።

ሉማሜ ላይ ቤታቸው ደጃፍ ውሃ የለመንናቸው እናት ውሃ ብቻ አልሰጡንም። በጾም ምን እንደምንበላ ተጨንቀው በሶ በጠበጡልን፣ ሽምብራና ገብስ ቆሎ በኪሳችን ሞሉልን። (ለዚህ ስፖርት በፕላስቲክ ታሽጎ በውድ የሚሸጥ ጣፋጭ ነገር አለ። ሁለቱንም ቀምሻለሁ፤ በሶ ይበልጣል።) ከዚያ ቀስ ብለው «ስለት ነው እንዴ ልጆቼ?» አሉ። እንዲህ ያለ መከራ ያለ ስለት ሰው በራሱ ላይ እንደማያመጣ እርግጠኛ ነበሩ። ጓደኛዬ ወሬ ለማሳጠር «አዎ እማማ» አላቸው። «የሰማችሁ እሷ ታድርሳችሁ» ብለው መረቁን። ማንን እንዳሉ አልጠየቅንም፣ ግን ደርሰናል።

በማግስቱ ቡሬን አልፈን፣ ወደ ጥሊሊ ሽቅብ ስንል የማርሽ ቀያሪዬ ተሰብሮ የኋላ ጎማዬ ውስጥ ገባ። መለዋወጫው እንኳን ቡሬ አዲስ አበባም ተፈልጎ ነው የሚገኘው። አንድ የጋሪ ጎማ የሚጠግን ወጣት መጥቶ አየውና «ጣለው» አለኝ። ቀያሪውን ፈትቶ ጣለ፣ ካቴናውን በመዶሻና በሚስማር በጥሶ አሳጠረ፣ መካከለኛው ጥርስ ላይ አስገብቶ ገጠመው። አንድ ማርሽ ብቻ ያለው ብስክሌት ሆነ። ሒሳብ ስል «ለጾመኛ አላስከፍልም» ብሎ እጁን በአፈር አሽቶ ሄደ። በዚያች አንድ ማርሽ ነው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እስካለችው እንጅባራ የዘለቅሁት። ሲከብደኝ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ደብተራቸውን ብብታቸው ሸጉጠው ከኋላ ይገፉኝ ነበር። አንድ የአዊ ፈረሰኛም ጎን ለጎን እየጋለበ ብዙ ሸኘን፤ ፈረሱ ጨርሶ አላለከለከም። የአዊ ፈረስ ስም እንዲያው አልወጣም።

እንጅባራ የከሰሉ ጭስና ብርዱ ተቀበሉን። ያሳደረን የሥራ ባልደረባዬ ቤተሰብ ነው። አባትየው በእድሜ ታላቄ ናቸው፤ ሞቅ ያለ ውሃ አስመጥተው «እግርህን አምጣ» ሲሉ ተሽኮረመምኩ፣ እሳቸው ግን አልሰሙኝም። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ከዚያ ወዲያ እስከ ባሕር ዳር ብዙ የምለው የለኝም። ቁልቁለት ይበዛዋል፣ ነፋሱም ራርቶልናል፣ ዳንግላ ላይ ሻይ፣ መራዊ ላይ አምባሻ።

ባሕር ዳር የብስክሌት አገር ናት፤ ቀያሪዬን ከአሮጌ ዕቃ ክምር ውስጥ ፈልገው ያገኙልኝ ጋሼ ግን ከጥገናው ጋር ታሪክም ይሰጣሉ። ኢትዮጵያ መጀመሪያ ኦሎምፒክ በሄደችበት በ1949 ዓ.ም. ገረመው ደንቦባ ሜልቦርን ላይ በብስክሌት መወዳደሩን ሲነግሩኝ፣ በእጃቸው ካቴና ይቀባሉ። «ያኔ ማን አሠለጠነው? ማን ልብስ ሰጠው? አንተ አሁን አንድ ዕቃ ተሰበረ ብለህ ታለቅሳለህ» አሉኝ። ልክ ናቸው።

ዱአትሎኑን ያሰናዱት የከተማዋ ወጣቶች በራሳቸው ኪስ ነው። 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ መልሶ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ። የሚከብደው የመጨረሻው አምስቱ ነው፤ ክብ ሲዞር የቆየ እግር መሬት ሲረግጥ የማን እንደሆነ አይታወቅም፣ አእምሮ ሩጥ ይላል፣ ጭን አልሰማም ይላል። ቅርጫት ባለው የሰፈር ብስክሌት የገባ አንድ ልጅ እዚያ ላይ አለፈኝና ዞር ብሎ «አይዞት ጋሼ» አለኝ። ስንተኛ እንደወጣሁ ለሚጠይቁኝ፣ ከኋላ መቁጠር ይቀላል። ብስክሌቶቻችንን እየተቀበላችሁ የጠበቃችሁ፣ ውሃ ያቀበላችሁ ልጆች፣ አንድ ዕቃ እንኳ አልጠፋብንም፤ ተባረኩ።

ክፍለ ጊዜዬን የሸፈናችሁልኝ መምህራን፣ ብድራችሁን በሁለተኛው መንፈቅ እከፍላለሁ። ባለቤቴ፣ ልብሴን ከዘይት ጋር ያጠብሽው አንቺ ነሽ፣ ሌላውን ቤት እንነጋገራለን። እናቴ ደውላ «ሽልማቱ ምንድን ነው?» ስትል ሜዳሊያ አልኳት፤ «ሲሸጥ ስንት ያወጣል?» አለች። እስካሁን መልስ አልሰጠኋትም።

አሁን አንድ ልመና። የዚያን ሾፌርና የረዳቱን ስም አልያዝኩም። መኪናው ነጭ ጋቢና ያለው አይሱዙ ነው፣ ጭነቱ ሲሚንቶ ነበር፣ ሾፌሩ ግራ እጁ ላይ የእሳት ጠባሳ አለው፣ ረዳቱ ቀጭን ልጅ ነው። በአዲስ አበባና በባሕር ዳር መሀል የምትመላለሱ ሾፌሮች፣ ካወቃችሁት ንገሩልኝ። ጋቢው ታጥቦ ደብረ ማርቆስ ቤቴ ተቀምጧል። ሲያልፍ ይቁም፤ ጾሙ ተፈትቷል፣ ዶሮ ይሠራለታል።