ለጓደኛዬ፦ ስለ ጅምር ሌማትና ስላላለቀ ልብ ወለድ

አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ
ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እኅቴ፣

ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ በመክረሜ ይቅርታ ልጠይቅሽ ይገባኛል፤ ይኸው ጠየቅሁ፤ ቁጣሽን ደግሞ ስንገናኝ ፊት ለፊት እቀበላለሁ። የባለቤቴን፣ የልጆቹንና የሥራዬን ወሬ ለሌላ ደብዳቤ አቆይቼዋለሁ፤ ሁሉም ደኅና ናቸው። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት አንድ ነገር እረፍት ስለ ነሣኝ ነው፤ እርሱንም ሳልፈራ የምነግረው ካንቺ በቀር ሰው የለኝም።

ሰኔ 20 ቀን ልጆቹን ይዤ ከስቶክሆልም እማዬ ቤት ስገባ በሻንጣዬ ውስጥ እንደ ዓይኔ ብሌን የጠበቅኋቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ አንደኛው የምታውቂው ያ የማያልቅ ልብ ወለድ፣ ሁለተኛው ጅምር ሌማቴ ከነወስፌው። እማዬ ልጆቹን ትይዝልኛለች፣ እኔም እጽፋለሁ፣ መጻፉ ሲደክመኝ እሰፋለሁ ብዬ ነበር የተነሣሁት። ዛሬ 34 ቀን ሆነኝ። እስካሁን የጻፍሁት ሁለት ገጽ ሲሆን፣ ከሁለቱ አንዱ የአስቤዛ ዝርዝር ነው። ሳቂ፤ መብትሽ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት በእንግዳ አሳበብሁ። «እንኳን ደኅና መጣሽ» ለማለት የመጣ ሰው አቦሉን ብቻ ጠጥቶ እንደማይሄድ ታውቂያለሽ፤ ቶናው አለ፣ በረካው አለ፣ አንድ ጎረቤት አንድ ከሰዓት በኋላ ይዞ ይሄዳል። በሁለተኛው ሳምንት ግን ቆርጬ ተነሣሁና አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ወመዘክር ወንበር ለመያዝ በጠዋት እንሮጥ የነበረውን እያስታወስሁ፣ ጥግ ላይ ጥሩ ቦታ አግኝቼ ደብተሬን ዘረጋሁ። ሦስት ሰዓት ሙሉ «እማ!» ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም፤ ከወለድሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ሦስት ሰዓት አግኝቼ አላውቅም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን አልወጣችልኝም። በቀኜ የተቀመጠችው ተማሪ የሒሳብ ጥያቄዎቿን እየሠራች ገጽ በገጽ ላይ ስትገለብጥ፣ እኔ የደብተሬን ኅዳግ እንደ ብራና ጸሐፊ በሐረግ ሳስጌጥ ዋልሁ።

ከዚያ ወጥቼ ወደ ፒያሳ በእግሬ ሄድሁ። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. መፍረሱን ጆሮዬ ሰምቷል፤ እግሬ ግን አልሰማም ነበርና ወደዚያው ወሰደኝ፤ አፍሬ ተመለስሁ። ቶሞካ እንደ ድሮው ቆሜ ማኪያቶ ስጠጣ ነበር ነገሩ የተገለጠልኝ።

ስቶክሆልም ሳለሁ ስለ ጊዜ ያላማረርሁበት ቀን የለም። የመጀመሪያዋን ልጅ ስወልድ ስዊድን ለአንድ ልጅ ለሁለቱ ወላጆች 480 ቀን ፈቃድ እንደምትሰጥ ሰምቼ፣ የእኔ ድርሻ አንድ ልብ ወለድ የሚጨርስ መስሎኝ ነበር። (አንቺ መንታ የወለድሽው ይህን ስታነቢ ምን እንደምትይ ከወዲሁ ይሰማኛል።) በኋላ የቀረችኝ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ልጆቹ እስኪነሡ ያለችው ጊዜ ብቻ ነበረች። ትልቁን መብራት ካበራሁት ትንሹ ስለሚነቃ፣ ከምድጃው በላይ ያለችውን አንዲት አምፖል አብርቼ፣ ካፖርት ደርቤ እጽፍ ነበር። ሌማቱን ደግሞ ልጄ ዋና ስትማር ከገንዳው ዳር ተቀምጬ፣ የረጠበውን አለላ በፌስታል ጠቅልዬ ይዤ እሰፋው ነበር። የረገምኋት የዚያች ሌሊት ትርፍ፣ ቢያንስ በሳምንት አንድ ገጽ ነበር፤ እዚህ በጠራራ ፀሐይ ያገኘሁት የቲማቲምና የሽንኩርት ዝርዝር ነው።

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ መታተሙን እያነሣሽ፣ «አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ጣሊያን አገር፣ ያውም ከጣሊያናዊት ሚስቱ ጋር እየኖረ ጽፎ የለም ወይ?» ትዪኝ ነበር። እውነትሽን ነው፤ ይሁን እንጂ የሰውየውን ካልሲ ማን ያጥብለት እንደ ነበር የነገረን የለም፤ እኔ ከመጽሐፉ ይልቅ ይህን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ባለፈው እሑድ እማዬ ሌማቱን ከሻንጣዬ አውጥታ በመስኮቱ ብርሃን እያዞረች አየችው። ከመሐል ወደ ዳር በጣቷ ዙሩን እየተከተለች፣ «እዚህ ላይ ልጅ ጠርቶሻል፤ እዚህ ላይ ደግሞ እንቅልፍ ወስዶሻል፤ ይኸኛውን ተቆጥተሽ ነው የሰፋሽው» አለችኝ። አልተሳሳተችም፤ የላላው የትኩሳቱ ሰሞን፣ እንደ ድንጋይ የጠበቀው ከባለቤቴ ጋር የተኳረፍንበት ሳምንት ነው። «ልተርትረው?» ብላት፣ «ምን አድርጎሽ? እንጀራ እንደሆን አያፈስ» ብላ መለሰችልኝ።

አሁን ከመጀመሪያው ልጽፈው ይገባኝ ወደ ነበረው ደረስሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ምዕራፍሽን ልከሽልኝ፣ «ጊዜ አጥቼ አላነበብሁትም» ብዬሽ ነበር። ውሸቴን ነው። በዚያው ሌሊት፣ በዚያችው አምፖል ሥር፣ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በተለይ ሴትዮዋ የባሏን ሸሚዝ ስትተኩስ ደብዳቤ የምታገኝበት ቦታ... እንዴት እንደምለው አላውቅም። ቀናሁ። አንቺም ሁለት ሕፃናት በጀርባና በደረት አዝለሽ፣ በካናዳ በረዶ ውስጥ፣ እኔ በስንት ዓመት ያልደረስሁበትን ጽፈሽ ሳይ፣ «እርሷ ጊዜ አላት፤ እኔ የለኝም» ማለት ቀለለኝ። መልስ መስጠቱን አንድ ቀን አዘገየሁት፤ ቀኑ ወር ሆነ፤ ከዚያ በኋላ አፈርሁ። አብርሆት የተቀመጥሁባቸው ሦስት ሰዓታት ሰበቤን ስለ ወሰዱብኝ ነው ዛሬ የምናዘዝልሽ።

ነሐሴ 9 ቀን እንመለሳለን፤ ልጆቹ ቡሄን ሳያዩ በመሄዳቸው አኩርፈዋል፤ እማዬም እንደዚሁ። እስከዚያ እዚህ አንድ መስመር እጽፋለሁ ብዬ ራሴን አላታልልም። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ፤ የምዕራፉን ቀጣይ ከጻፍሽው ላኪልኝ፤ ካልጻፍሽውም ያልጨረስሽውን ላኪልኝ። ሴትዮዋ ያንን ደብዳቤ ከፍታ አነበበችው ወይስ መልሳ ኪሱ ውስጥ ከተተችው? ሦስት ዓመት ሙሉ በሆዴ ይዤው ዞሬአለሁ። የኔንም እልክልሻለሁ... አንድ ሁለት ገጽ፤ የአስቤዛውን ሳይጨምር።

ደጅ ሰው እያንኳኳ ነው፤ እማዬም ረከቦቱን አውጥታለች።

ያንቺው፣
ባለ ጅምሯ