ለደሴ ሙዚየም አንድ የባሕር መደርደሪያ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደሴ ነው። ዕድሜዬን ሳይንስ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለ ሙዚየም በተጻፈ ቁጥር የማነበው ስለ ዘውድ፣ ስለ ጋሻና ስለ ብራና ነው። ደግ ነው፤ ይጻፍ። እኔ ግን ዛሬ የማነሳው የሻርክ ጉዳይ ነው።

«ወሎና ሻርክን ደግሞ ምን አገናኛቸው?» አለችኝ ባለቤቴ ወረቀት ሳወጣ ስታየኝ። እናንተም ሳትሉ አትቀሩም። እስቲ ከኮምቦልቻ ልጀምር።

ኮምቦልቻ፣ ወደ ባቲ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ሹፌሮች የሚያዘወትሯት አንዲት ሻይ ቤት አለች። ግድግዳዋ ላይ፣ በመስታወቱና በቀን መቁጠሪያው መካከል፣ የሻርክ መንጋጭላ በኤሌክትሪክ ሽቦ ታስሮ ተሰቅሏል። ሻይ ቤቷን ዛሬ የምታስተዳድረው ሴት አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ያኔ ባቲ፣ ሚሌ፣ አሰብ ለእሳቸው እንደ ሰፈር መንገድ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ይህን ጉድ ጋቢና ውስጥ አስቀምጠው መጡ። እናቷ «ይህ ነገር ቤቴ አይገባም» ብለው ሦስት ቀን ደጅ አሳድረውታል። ሽታው አያስቀርብም ነበር አሉ።

ዛሬ አይሸትም። በከሰል ጭስ ብዛት የአሮጌ ቅቤ ቀለም ይዟል። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት የፊተኛው ረድፍ ጥርስ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከጀርባው ሌላ ረድፍ አለ። ከዚያም ጀርባ ሌላ። የኋለኞቹ ወደ ውስጥ ጋደም ብለው ልክ እንደ ታክሲ ሰልፍ ተራቸውን ይጠብቃሉ። የፊቱ ሲወድቅ የኋላው ተነስቶ ቦታውን ይይዛል። አንድ ሻርክ በዕድሜው የሚጥለው ጥርስ በሺዎች ይቆጠራል። አስተናጋጁ ከጥርሶቹ በአንዱ ላይ ሎተሪ ሰክቶበታል። እስካሁን አልደረሰውም መሰለኝ፣ ሎተሪው እዚያው ነው።

አንድ ጊዜ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ «ነቢዩ ዩኑስን የዋጠው ይኸው ነው» አሉኝ። «የለም አባቴ፣ ያ አንበሪ ነው፤ ይሄ ሌላ ነው» አልኳቸው። አላመኑኝም። አልፈርድባቸውም፤ ቴሌቪዥን ላይ እንኳ ሻርኩንም ሌላውንም «ዓሣ ነባሪ» ብለው ሲያልፉ እሰማለሁ። አንበሪ፣ ማለትም ዓሣ ነባሪ፣ በሳንባ ይተነፍሳል፣ ልጁን ያጠባል። ሻርክ ግን የለየለት ዓሣ ነው።

አንድ ዓመት ተማሪዎቼን ይዤ ከደሴ እዚያ ወረድኩ። ሩቅ አይደለም፤ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። እያንዳንዳቸው በጣታቸው ነኩት። አንዲቷ ልጅ ጣቷን በኋለኛው ረድፍ ላይ እያስኬደች «ቲቸር፣ እነዚህ ገና ያልበቀሉ ናቸው?» አለችኝ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ አሥር ጊዜ ሥዬ ያላስረዳሁትን በአንድ ጣት ጨረሰችው።

የሻርክ አጥንት እንደ በግ አጥንት ጠንካራ አይደለም። የጆሯችሁን ጫፍ ንኩት፤ እንደዚያ የሚተጣጠፍ ነው። ሻርኩ ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ በስብሶ ይጠፋል። ጥርሱ ግን አይበገርም። ደለል ውስጥ ከተቀበረ ውሎ አድሮ ቅሪተ አካል ይሆናል። በዚያ ላይ ብዛቱ! ከጥንት ሻርኮች የሚገኘው ቅሪት በአመዛኙ ጥርስ የሆነው ለዚህ ነው።

ድሮ አውሮፓውያን እንዲህ ያለ ጥርስ ከድንጋይ መሐል ሲያገኙ «ድንጋይ የሆነ የእባብ ምላስ ነው» ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1666 ጣሊያን አገር ሊቮርኖ አጠገብ አንድ ትልቅ ሻርክ ተያዘ። ጭንቅላቱ ወደ ፍሎረንስ ተልኮ ኒኮላስ ስቴኖ የተባለ የዴንማርክ ሰው በቢላ ከፍቶ መረመረው። ጥርሱን ከ«ምላሱ» ጋር አስተያየው። አንድ ናቸው። እንግዲህ ስቴኖ ይህን ያየው መንጋጭላ ላይ ነው፤ ኮምቦልቻ የተሰቀለው ዓይነት።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ደሴ ላይ ሆነን የምንረግጠው ጥቁር ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ የፈሰሰው ትኩስ ዓለት እየተነባበረ ይህን ደጋ፣ የጦሳን ተራራ ጨምሮ፣ ቆለለው። ባሕሩ ያለው ከእሱ ሥር ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደ ኋላ ስንሄድ ከደቡብ ምሥራቅ፣ በኦጋዴን በኩል የገባ ባሕር ብዙውን የአገራችንን ክፍል ሸፍኖት ነበር። ዛሬ የኖራ ድንጋይ የምንለው ያ ባሕር ጥሎት የሄደው ደለል ነው። ደጋው ላይ አይታይም፤ ጥቁሩ ድንጋይ ተጭኖታል። ዓባይ ግን አገሩን እስከ 1,500 ሜትር ድረስ ሰንጥቆ ስለወረደ፣ እንደተቆረሰ ድፎ ዳቦ ጎኑን ገልጦ አሳይቶናል።

በደቡብ ወሎ በቦረና ወይም በወግዲ በኩል ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው የምለውን ያውቃል። ላዩ ጥቁር ነው። ዝቅ ሲሉ ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል፣ ከዚያ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ። እዚያ ውስጥ ድንጋይ የሆኑ የባሕር እንስሳት ቅርፊቶች አሉ። የቦረናዋ አክስቴ ከእነዚህ አንዱን በር ማስደገፊያ አድርጋው ነበር። «የኖኅ ውሃ ያመጣው ነው» ትለኝ ነበር። ቡና ላይ ተቀምጬ ከአክስቴ ጋር አልከራከርም። ክፍል ውስጥ ግን ሌላውንም ታሪክ መንገር ግዴታዬ ነበር።

መካነ ሰላም ሳስተምር ከብት ይዞ በረሃ የወረደ አንድ ተማሪዬ በፌስታል ሦስት ድንጋይ አመጣልኝ። ሁለቱ ቅርፊት ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ ያለው መስመር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሦስተኛው የትንሽ ጣት ጥፍር ቢያክል ነው። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ መሐሉ ላይ አንድ ሾጣጣ፣ ግራና ቀኙ ላይ ትንንሽ ጫፎች። ልቤ ዘለለ። የሻርክ ጥርስ ነው ብዬ አልምልም። ለዚህ እኮ ነው ባለሙያ የሚያስፈልገው።

ደብዳቤ ጽፌ፣ የተገኘበትን ቦታ ከነወንዙ ስም ገልጬ፣ ይመለከተዋል ወደተባለ አንድ መሥሪያ ቤት ወሰድኩት። ያስተናገደኝ ወጣት ትሑት ነበር። ተቀበለኝና ስቴፕለርና ማኅተም ያለበት መሳቢያ ውስጥ አኖረው። «ደረሰኝ?» ስለው ሳቀ። «ለድንጋይ ጋሼ?» አለኝ። ከስድስት ወር በኋላ ብሄድ ልጁ ተቀይሯል፣ መሳቢያው ተቆልፏል። በዓመቱ ብሄድ መሳቢያውም የለም፤ ቢሮው ሌላ ሕንፃ ገብቷል። ተማሪዬ ባገኘኝ ቁጥር «ቲቸር፣ ምን አሉ?» ይለኝ ነበር። በኋላ መጠየቁን ተወው። ድንጋይ ማምጣቱንም ተወው።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዝዛል። መልካም። ሊያሳውቅ የመጣውን ልጅ እንዲህ ከሸኘነው ግን አዋጁን ማን ይፈጽመዋል?

ሕልም እያወራሁ እንዳይመስላችሁ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ በጀማ ወንዝ ሸለቆ ተመራማሪዎች የዳይኖሰር፣ የአዞና የኤሊ ቅሪቶችን አግኝተዋል። ሃይቦዶንት የሚባሉ ጥንታዊ የሻርክ ወገኖችም ከዚያው አሉበት። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ያ ንብርብር ከኖራ ድንጋዩ በላይ ነው፤ ባሕሩ ሸሽቶ ወንዝ ሲተካ የተከማቸ ጭቃ ነው። ሃይቦዶንቶች ደግሞ ጨው በሌለው ውሃም ይኖሩ ነበር። የወሎና የሸዋ ወሰን የሆነው ወንጪት የሚገባው የት ነው? ጀማ ውስጥ። እንግዲህ ሩቅ አገር አይደለም የማወራው።

ባሕር ሳይኖራቸው በሻርክ የሚኮሩም አሉ። አይዳሆ የምትባል የአሜሪካ ግዛት የባሕር ዳርቻ የላትም። የምትታወቀው በድንች ነው። እዚያ ለማዳበሪያ የሚሆን ፎስፌት ከሚቆፈርበት ዓለት እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ የጥርስ ጥምዝ ይወጣል። ባለቤቱ ሄሊኮፕሪዮን ይባላል፤ ከ270 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖረ የሻርክ ዘመድ ነው። ይህ ጥምዝ አፍ ውስጥ ነው? አፍንጫ ላይ? ወይስ ጅራት ላይ? ሊቃውንቱ ከመቶ ዓመት በላይ ተከራከሩበት። እ.ኤ.አ. በ2013 አንዱን ድንጋይ በሲቲ ስካን አዩትና ታችኛው መንጋጭላ ላይ መሆኑ ለየ። ዛሬ ፖካቴሎ በተባለችው የአይዳሆ ከተማ ያለው ሙዚየማቸው በእሱ ይታወቃል።

ልብ በሉ፣ እንዲህ ያለው ነገር መጀመሪያ የሚገጥመው ቆፋሪውን ነው። እኛስ ቆፋሪ አጣን? ደላንታ ላይ ገደል ለገደል ኦፓል የሚያወጡ ልጆች አሉን። የእነሱ ዓለት የእሳተ ገሞራ ስለሆነ ሻርክ አይጠበቅበትም። ዓይናቸው ግን! ከሜዳ ጠጠር መሐል ጥፍር የምታክል ብልጭታ ይለያሉ። ዓባይ በረሃ የሚወርዱት እረኞችም እንደዚያው ናቸው። የሚጎድለው የሚያሳዩት ሰው ነው።

የደሴ ሙዚየም፣ ያ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው ቤት፣ በ2014ቱ ጦርነት የደረሰበትን ዝርፊያ ሁላችንም እናውቃለን። መደርደሪያዎቹ ሲሞሉ አንዱን ለባሕር ይተዉልን ነው የምለው። ብዙ ወጪ የለውም። ከዓባይ በረሃ አንድ ቁራጭ የኖራ ድንጋይ ከነቅርፊቱ። የጥንት ሻርክ ጥርስ ቅጂ። ቅጂ ሲባል አትናቁት፤ ድንቅነሽም ብትሆን ብሔራዊ ሙዚየም ሕዝብ የሚያያት በቅጂ ነው። ቅጂው የሚሠራው ከጀሶ ነው፤ የዓባይ ሸለቆ ጀሶ ራሱ የደረቀ ባሕር ትራፊ ነው። አንድ አሞሌ ጨውም ይቀመጥ። የአፋር ጨው ቀይ ባሕር ገብቶበት የደረቀ ውሃ ነውና አያቶቻችን ባሕር ሳያዩ ባሕሩን በወጥ በልተውታል።

ድንቅነሽን ካነሳሁ አይቀር፦ በ1967 ዓ.ም. ስትገኝ ሐዳር በወሎ ሥር ነበር። የቅሪተ አካል ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም ለማለት ነው። ልጆች ደግሞ ይህን ይወዱታል፦ ሜጋሎዶን የተባለው ግዙፉ ሻርክ የጠፋው ከ3.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ድንቅነሽ የኖረችው ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት። ለጥቂት ተላለፉ።

ከመደርደሪያው አጠገብ አንድ ጠረጴዛና አንድ መዝገብ ይኑር። ድንጋይ ይዞ የመጣ ሰው ስሙ፣ ያገኘበት ቦታና ቀኑ ይጻፍለት። ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ይሰጠው። ድንጋዩ ተራ ጠጠር ሆኖ ከተገኘም «ተራ ጠጠር ነው» ተብሎ ይነገረው፤ አይከፋውም። ይህን የምታነቡ የበረሃ ወዳጆቼ ደግሞ ከገደሉ ላይ በዶማ አትፈልቅቁ። ከንብርብሩ የወጣ ጥርስ ዕድሜው ይምታታል። በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፣ ቦታውን ጻፉ፣ እዚያው ተዉት።

ባለፈው ቅዳሜ ኮምቦልቻ ወርጄ ባለ ሻይ ቤቷን ጠየቅኋት። «መንጋጭላውን ለሙዚየሙ ታውሺዋለሽ?» ብርጭቆ እያጠበች ትንሽ አሰበች። «ላውስ ጋሼ። ግን ደረሰኝ እፈልጋለሁ። ጥርሱም ከመሄዱ በፊት ይቆጠርልኝ» አለች። ከአስተናጋጁ ጋር ወንበር ላይ ቆመን መቁጠር ጀመርን። የፊቱን ረድፍ ጨርሰን ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ሹፌሮች ገቡና ሻይ አዘዙ። ያቆምነው ሎተሪው ያለበት ጥርስ ላይ ነው።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛ የሳይንስ መምህር፣ ደሴ